የፍሬን አቧራ ላይ ኮምፕሬሰሩን ከመልቀቅህ በፊት

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ አንድ ጋራዥ ጎራ ብዬ ነበር። ጡረታ ወጥቼም ጋራዥ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሃያ ዓመት የሞላው የማይመስል ልጅ የአይሱዙ ጎማ አውልቆ፣ የፍሬኑን ታምቡር ከፍቶ የአየር መንፊያውን ኮምፕሬሰር ለቀቀበት። ግራጫ አቧራ ቡን አለ። ልጁ ፊቱን እንኳ አላዞረም፤ ማስቲካውን ያኝካል።

እኔም እንደሱ ነበርኩ። ከጎሃ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ጭነት የያዘ መኪና ያንን ወርዶ፣ ደጀንን ወጥቶ እኛ ጋ ሲደርስ ፍሬኑ ይሸታል፣ እኛም እንነፋለን፣ እንሞርዳለን፣ የፍሬን ሸራ (ፍሬን ሲያዝ ታምቡሩን የሚፈትገውን ልባስ) እንቀይራለን፣ በዚያው እጃችን ምሳ እንበላለን።

ሸራው ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ነገር እንዳለ የነገረን አልነበረም። ከድንጋይ የሚወጣ ክር ነው። እሳት አይበላውም። ለፍሬን ሸራ፣ ለጓርኒሲዮን (በሞተር ክፍሎች መካከል ለሚገባው ማሸጊያ)፣ ለቦይለር ልባስ፣ ለውሃ ቱቦና ለግራጫው የሲሚንቶ ጣሪያ የተመረጠው ለዚህ ነው። ሲሰበር ግን ዓይን የማያየው ቅንጣት ሆኖ ሳንባ ውስጥ ይቀራል፤ ሰውነት አያሟሟውም። አስቤስቶሲስ የሚባለውን የሳንባ ጠባሳ፣ የሳንባ ካንሰርንና የሳንባን ሽፋን የሚይዘውን ሜሶቴሊዮማን ያመጣል። ሲጋራ የምታጨስ ከሆነ ደግሞ የሳንባ ካንሰሩ አደጋ ይባዛል። ክፋቱ፣ ዛሬ የገባው አቧራ በሽታ የሚሆነው ከ20፣ ከ30፣ ከ40 ዓመት በኋላ ነው። ማን ያስታውሰዋል?

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005፣ ደቡብ አፍሪካ በ2008 ከልክለውታል። እኛ ገበያ ካርቶኑ ላይ ምን እንደያዘ የማይጽፍ ርካሽ ሸራ አይጠፋም፤ እኔ ብሆን ሁሉንም አለበት ብዬ ነው የምይዘው። በኮምፕሬሰር አትንፋ፣ በደረቁ አትጥረግ። ውሃ ረጭተህ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው፣ ጨርቁን ፌስታል ውስጥ ቋጥረህ ጣል። ሰማያዊዋ የሐኪም ማስክ ለዚህ አቧራ አትረባም። ፒ3 የሚል ማጣሪያ ያለው ነው የሚያስፈልግህ፤ ውድ ነው፤ መግዛት ያለበትም አሠሪህ ነው። ቱታህን ቤት ይዘህ አትሂድ። በሌላው ዓለም የባላቸውን የሥራ ልብስ ሲያጥቡ ኖረው በዚሁ ካንሰር የሞቱ ሚስቶች አሉ። የኔዋ ስንት ዓመት አጥባልኛለች፤ ይህን ካወቅኩ ወዲህ ስታስል እንቅልፍ ይነሳኛል።

አሁን ደግሞ ምን ሥራ እንደሠራህ ወደሚመሰክርልህ ወረቀት ልምጣ። አብሮኝ 11 ዓመት ሸራ የሞረደ ጓደኛ ነበረኝ። ከጋራዡ ወጥቶ ጣሪያ ማፍረስም ሠርቷል። ከዓመታት በኋላ ደረቱ ውሃ ቋጠረ፣ አዲስ አበባ ድረስ ተላከ። ሐኪሙ በመጀመሪያ የጠየቀው «ምን ትሠራ ነበር?» ብሎ ነው። በሽታው ከየትኛው ሥራ እንደመጣበት በእርግጠኝነት የተናገረ የለም። ሚስቱ መብት ካለን ብላ ስትነሣ ጋራዡ ተዘግቷል፣ ባለቤቱ ሞቷል፣ ቦታው ካፌ ሆኗል። ከጓደኛዬ ሣጥን የተገኘው አንድ መታወቂያ ነው። የሥራ ዓይነት በሚለው ቦታ «ሠራተኛ» ይላል። በቃ፣ ሠራተኛ!

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት ለሚመጣ በሽታ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። ሠራተኛ ክስ ሲመሠርትም የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ነገር ግን ከሥራ ግንኙነት የሚነሣ ክስ በመሠረቱ የ1 ዓመት ይርጋ አለው፤ ጊዜው ካለፈ የመክሰስ መብትህ ይቀራል። ሐኪም የበሽታውን ስም የነገረህ ዕለት «እስኪ ይሻለኝና» አትበል። ማስረጃውን በጽሑፍ ተቀበል፣ ቀኑ መኖሩን እይ፣ በዚያው ሳምንት የሕግ ሰው አማክር። ለጠበቃ የሚከፍል ከሌለህ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ባሕር ዳር ሂደህ ጠይቅ።

የወንድሜ ልጅ በስልክ «ሜሶቴሊዮማ ካለብዎት ካሣ ይገባዎታል» የሚል ማስታወቂያ አሳይቶኝ ነበር። የአሜሪካ ነው። እዚያ አስቤስቶስ ያመረቱ ኩባንያዎች ክስ በዝቶባቸው፣ ጆንስ ማንቪል የሚባለው ትልቁ እ.ኤ.አ. በ1982 የኪሳራ ፍርድ ቤት ገብቶ፣ ለታማሚዎች የካሣ ፈንድ ቆመ። እዚያ ፋብሪካ ወይም ሕንፃ ማፍረስ ላይ የሠራ ዘመድ ካለህ ንገረው። የማርቆስን ጋራዥ ግን አይመለከትም።

ያንተ ነገር የሚያዘው እዚሁ ነው። ሥራ ስትለቅ የምስክር ወረቀት መጠየቅ መብትህ ነው፤ አሠሪው የሥራህን ዓይነት፣ የሠራህበትን ጊዜና ደመወዝህን ጽፎ መስጠት አለበት። «ሠራተኛ» ብሎ ከጻፈልህ መልስለት። «የፍሬን ሸራ ጥገና» ብሎ ይጻፍ፣ ማኅተም ይምታበት። አብረውህ የሠሩትን ልጆች ስምና ስልክም ከኋላው ጻፍበት። ያቺ የጓደኛዬ ሚስት ሦስት ምስክር ስትፈልግ በሕይወት ያገኘችው እኔን ብቻ ነበር።