ሁለት ሜትር ጥልቀት ይችላል የተባለው ስልክ ጉልበት በማይደርስ ውኃ ለምን ተበላሸ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ያገለገለ ስልክ ገዛሁ። ሻጩ «አይፒ68 ስለሆነ ውኃ ቢገባም ምንም አይሆንም» ብሎኝ ነበር፤ የስልኩ መግለጫም ሁለት ሜትር ጥልቀት ውስጥ ለ30 ደቂቃ እንደሚቆይ ይናገራል። አምና ስክሪኑ ተሰብሮ አስቀየርኩት። በቅርቡ ላንጋኖ ሄደን ልጆቼን ፎቶ ሳነሳ ከእጄ አምልጦ ጉልበት በማይደርስ ውኃ ውስጥ ወደቀ፤ ወዲያውም አወጣሁት። እስከ ማታ ሲሠራ አምሽቶ በማግሥቱ ጠዋት አልነሳ አለኝ። ሩዝ ውስጥ ባስቀምጠውም አልተመለሰም። ምን ሆኖ ነው? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጤና ይስጥልን። በመጀመሪያ ቁጥሩ ምን እንደሚል እንመልከት። አይፒ የሚባለው መለኪያ የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ያወጣው 60529 የተባለው ደረጃ ሲሆን፣ የመጀመሪያው አኃዝ አቧራን፣ ሁለተኛው ደግሞ ውኃን ይመለከታል። 6 አቧራ ፈጽሞ አይገባም ማለት ነው። 7 አንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየትን ያመለክታል፤ 8 ከዚያ የበረታ ፈተና ነው፤ ጥልቀቱንና ጊዜውን ግን አምራቹ ራሱ ይወስናል። ስለዚህ ሁለት ስልኮች አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው አቅማቸው ሊራራቅ ይችላል፦ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጋላክሲ ኤስ7 የተፈተነው በ1.5 ሜትር ሲሆን፣ በ2020 የወጣው አይፎን 12 ደግሞ በ6 ሜትር ነው፤ ሁለቱም ለ30 ደቂቃ፣ ሁለቱም አይፒ68 ተብለው። ፈተናው የሚካሄደው በቤተ ሙከራ፣ በአዲስ ስልክ ላይ፣ በረጋና ንጹሕ በሆነ ውኃ ውስጥ ነው። በኃይል የሚረጭ ውኃ ራሱን የቻለ ሌላ ፈተና ስላለው፣ ጥልቀት የቻለ ስልክ የቧንቧ ግፊትም ይችላል ብሎ መደምደም አይቻልም።

ውኃውን የሚያግደው ነገር ምን እንደሆነ ሲታወቅ ደግሞ የእርስዎ ስልክ ጉዳይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የዛሬ ስልክ ከሞላ ጎደል በሙጫ የታሸገ ሣጥን ነው። ስክሪኑ ከብረት ፍሬሙ ጋር የሚገናኘው ዙሪያውን በሚሄድ፣ ከጥቂት ሚሊ ሜትር በማይበልጥ የሙጫ መስመር ነው፤ የጀርባው መስታወትም እንዲሁ። የሲም ካርዱ ማስገቢያ አንገቱ ላይ ቀጭን የጎማ ቀለበት አለው። የቻርጅ ቀዳዳው ለውኃ ክፍት ነው፤ ነገር ግን ከኋላው ወደ ቦርዱ (ቺፖቹ ወደተያያዙበት ሰሌዳ) እንዳያልፍ ተደፍኖ ይሠራል። አስቸጋሪው ክፍል ስፒከሩና ማይኩ ናቸው፤ ድምፅ የሚወጣውና የሚገባው በአየር በኩል ስለሆነ ሊደፈኑ አይችሉም። ስለዚህ በቀዳዳዎቹ ላይ ቴፍሎን በሚል ስም ከምናውቀው ፕላስቲክ የተሠራ እጅግ ስስ ሽፋን ይለጠፋል፤ የሽፋኑ ደቃቅ ቀዳዳዎች አየርን እንጂ የውኃ ጠብታን አያሳልፉም። የውኃ ተን ግን ያልፋቸዋል፤ ሳሙናም ውኃው በቀላሉ ሰርጎ እንዲገባ ያደርገዋል። ስልክ ይዞ ሻወር ቤት የሚገባ ሰው ዝናብ ከመታው ሰው ይልቅ ስልኩን ለአደጋ የሚያጋልጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ይኸው ሽፋን የአየር ግፊትንም ያስተካክላል። ከአዲስ አበባ ወደ ስምጥ ሸለቆ ስንወርድ ጠጥተን የዘጋነው የሃይላንድ ጠርሙስ ይጨማደዳል፤ ስልክም ፈጽሞ መተንፈሻ ባይኖረው ኖሮ ከፍታ በተቀያየረ ቁጥር ሙጫው እየተገፋና እየተሳበ ይላላ ነበር።

አሁን ወደ እርስዎ ስልክ እንመለስ። ስክሪን ሲቀየር ጥገና ባለሙያው ስልኩን አሙቆ የፋብሪካውን ሙጫ ይቆርጠዋል። የቀድሞውን አቅም ለመመለስ የአሮጌው ሙጫ ቅሪት ከፍሬሙ ላይ ተፍቆ መጽዳት፣ ለዚያው ሞዴል ተቆርጦ የተዘጋጀ አዲስ ማሸጊያ መለጠፍ፣ ከዚያም በእኩል ግፊት ተጭኖ መቆየት ይኖርበታል። በብዙ ጥገና ቤቶች የሚደረገው ግን ከቱቦ የሚወጣ ሙጫ በዳርና በዳሩ ነካ ነካ አድርጎ በላስቲክ ማሰር ነው። ስክሪኑ አይነቀልም፤ ውኃ ግን መግቢያ አያጣም። በእኔ ግምት የእርስዎ ስልክ የአይፒ68 አቅሙን ያጣው ላንጋኖ ላይ ሳይሆን አምና ጥገና ቤት ነው። ያልተከፈተ ስልክም ቢሆን ሙጫው ከዕድሜና ከሙቀት ጋር ይደክማል፤ አንድ ጊዜ ወድቆ ፍሬሙ በጥቂቱ ከተጣመመም ማሸጊያው ይከፈታል። አምራቾቹ ራሳቸው ይህ አቅም ዘላቂ እንዳልሆነ በመግለጫቸው ግርጌ በደቃቅ ፊደል ይጽፋሉ።

እስከ ማታ ሠርቶ በማግሥቱ መሞቱም የሚጠበቅ ነው። የላንጋኖ ውኃ የሶዳ ጨው ያለበት በመሆኑ ኤሌክትሪክን ከንጹሕ ውኃ በተሻለ ያስተላልፋል። ስልኩ ቢጠፋም እንኳ ባትሪው እስከተያያዘ ድረስ በቦርዱ አንዳንድ መስመሮች ላይ ኤሌክትሪክ ስላለ፣ ጠብታው በሁለት ተቀራራቢ መስመሮች መካከል ሲያርፍ መዳቡ ቀስ በቀስ ይበላል፤ ባለሙያ ስልኩን ሲከፍተው አረንጓዴና ነጭ ዝገት የሚያገኘው ከዚህ የተነሣ ነው። ቺፖቹ በብረት ክዳን የተሸፈኑ በመሆናቸው ውኃው ከክዳኑ ሥር ተደብቆ ለብዙ ሰዓት ይቆያል። ከ2017ቱ አይፎን ኤክስ ወዲህ በአንዳንድ ስልኮች ቦርዱ ራሱ ሁለት ፎቅ ሆኖ ተደራርቦ ስለሚሠራ፣ በመካከሉ የገባ ውኃ ለማጽዳት እጅግ አድካሚ ነው።

ሩዙን በተመለከተ፣ ከክዳን ሥር የተደበቀን ውኃ የመሳብ አቅም የለውም፤ ዱቄቱም በቻርጅ ቀዳዳው ይገባል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2024 ደንበኞቹ ሩዝ እንዳይጠቀሙ በግልጽ ጽፏል። ሩዝ ውስጥ የሚያልፈው ሰዓት ዝገቱ የሚሠራበት ሰዓት ነው። ትክክለኛው እርምጃ ስልኩን ወዲያው አጥፍቶ፣ ቻርጅ ላይ ሳይሰኩ፣ በዚያው ቀን ባለሙያ ዘንድ ማድረስ ነበር። አሁንም ቢሆን ተስፋ አይቁረጡ፤ ባትሪው ተለይቶ፣ የብረት ክዳኖቹ ተነሥተው ቦርዱ በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ከታጠበ፣ ስልኩ ባይድን እንኳ የልጆችዎን ፎቶ ማውጣት ይቻል ይሆናል።

ለወደፊቱ ያገለገለ ስልክ ሲገዙ የሲም ማስገቢያውን አውጥተው በባትሪ መብራት ውስጡን ይመልከቱ፤ በበርካታ ስልኮች ላይ እዚያ የተለጠፈች ትንሽ ነጭ ምልክት ውኃ ሲነካት ወደ ቀይ ትለወጣለች። ምልክቷ ቀልታ ከተገኘች ዋስትናም አብሮ ይጠፋል። በማስታወቂያ ሰውን ከነስልኩ መዋኛ ውስጥ እያሳዩ፣ ውኃ ሲገባው ደግሞ ዋስትና አይሸፍነውም ማለት በእኔ አስተያየት ፍትሐዊ አይደለም። የጣሊያን የውድድር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2020 አፕልን 10 ሚሊዮን ዩሮ፣ የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደግሞ በ2022 ሳምሰንግን 14 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የቀጡት ከዚሁ ከውኃ ማስታወቂያ ጋር በተያያዘ ነው።

ጥያቄ፦ የድሮ ስልክ ጀርባው በጥፍር ተከፍቶ ባትሪው ይወጣ ነበር። አሁን ሁሉም ተለጥፏል። እውነት ለውኃ ተብሎ ነው ወይስ አዲስ እንድንገዛ? (አንባቢ፣ ከዱባይ)

መልስ፦ ውኃ አንዱ ምክንያት እንጂ ብቸኛው አይደለም። የሚወጣ ባትሪ ጠንካራ የፕላስቲክ ቅርፊትና የራሱ ጎጆ ያስፈልገዋል፤ የተለጠፈው ግን በስስ ከረጢት የታሸገ በመሆኑ በዚያው ቦታ ተጨማሪ ኃይል ይይዛል፣ ስልኩንም ያቀጥናል። ሆኖም ያለ ሙጫ ውኃን መከላከል አይቻልም የሚለው ክርክር አያሳምነኝም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጋላክሲ ኤስ5 ጀርባው በጥፍር የሚከፈት፣ ባትሪው የሚወጣ፣ ክዳኑ ዙሪያውን ጎማ የተገጠመለት ስልክ ነበር፤ ደረጃውም አይፒ67 ነበር። ክዳኑን በደንብ ሳይጫኑ የሚዘጉ ሰዎች ግን ውኃ ያስገቡ እንደነበር አይካድም።

የአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 18 ቀን 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመሣሪያዎች ውስጥ ያሉ ተንቀሳቃሽ ባትሪዎችን ተጠቃሚው ራሱ ማውጣት እንዲችል የሚያስገድድ ደንብ አውጥቷል። ስልኮችን በሚመለከተው ሌላ ደንብ ግን ባትሪው ከ1,000 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ በኋላ 80 በመቶ አቅሙን ከጠበቀና ስልኩ አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ከቻለ፣ ባትሪውን የመቀየሩ ሥራ ለባለሙያ ሊተው ይችላል። ውድ ስልኮች በዚህ በር እንደሚወጡ እገምታለሁ።

ጥያቄ፦ ቻርጅ ስሰካ «እርጥበት አለ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። በፀጉር ማድረቂያ ላድርቀው? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ አያድርጉት፤ ሙቀቱ ሙጫውን ያላላዋል። ጥጥም አይክተቱበት። ቀዳዳውን ወደ ታች አዙረው በመዳፍዎ ቀስ ብለው ይምቱትና ነፋሻ ቦታ ያስቀምጡት። ማስጠንቀቂያው በሁለተኛው ቀንም ካልጠፋ ቀዳዳው ውስጥ ቻርጀሩን ከሚነኩት ትንንሽ የብረት እግሮች የዛገ ወይም የቆሸሸ ሊኖር ስለሚችል ለባለሙያ ያሳዩት።