ለሐዋሳዋ እህቴ፦ ለሥልጠና ብር ከመክፈልሽ በፊት

ሰላም እህቴ። «ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት የአስተዳደርና ፋይናንስ ኃላፊ ሆኜ ገባሁ። ከዚህ በፊት የሠራሁት አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው። ራሴን ለማሳደግ ምን ሥልጠና ልውሰድ?» ብለሽ የጻፍሽውን አየሁ። ብዙ ሰው «አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ) ውሰጂ፣ ፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌሩን) ተማሪ» ብሎሻል። ክፉ ምክር አይደለም። እኔ ግን በዚያው መንገድ ሄጄ ተቃጥያለሁ። ረዘም ቢልም ታገሺኝ።

እኔም ሐዋሳ ነኝ። እኔም ከንግድ ቤት ሂሳብ ነው የመጣሁት። ትምህርት ቤታችን በአንድ አገር በቀል ድርጅት ሥር ነው፤ የሚንቀሳቀሰው በለጋሽ ብር ነው። መስማት የተሳናቸው፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውና ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች አሉን። የናንተም ከዚህ አይርቅም ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ስለ ደመወዝ ግብር፣ ስለ ጡረታ መዋጮ አላወራሽም፤ እሱን ታውቂዋለሽ።

1. ሥልጠና ከመመዝገብሽ በፊት ማቴሪያሉ በየትኛው አዋጅ እንደተዘጋጀ ጠይቂ።

ይቺን አንዲት ጥያቄ ባለመጠየቄ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ነበር። ጥቅምት 2014 ነው። አዲስ አበባ የአምስት ቀን ሥልጠና አለ ተባለ፤ «የፋይናንስ አስተዳደር ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች» ይላል። 12,000 ብር ከኪሴ ከፈልኩ። ማደሪያና ትራንስፖርቱ ሌላ ነው። ትምህርት ቤቱ ለመምህራን እንጂ ለኛ የሥልጠና በጀት አልነበረውም። ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። መምህሩ ይሠልጥን፤ ተገቢ ነው። ግን የመምህሩን ደመወዝ የሚያወጣው፣ የልጆቹን ምግብ የሚገዛው፣ ለጋሹ ፊት ቀርቦ የሚጠየቀው ሰው ለምን ይረሳል?

አሠልጣኙ አንደበተ ርቱዕ ነበር። የአስተዳደር ወጪና የፕሮግራም ወጪ አከፋፈል ላይ ሲደርስ «ጠመኔ የማይዝ ሁሉ አስተዳደር ነው» አለን። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ከሥሩም አሰመርኩበት። ሰውየው የሚያስተምረው በ2001 የወጣውን የድሮውን የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ፣ ቁጥር 621ን፣ እንደሆነ አላወቅኩም። የ70/30 ዘመን ማለት ነው፤ ቢያንስ 70 ፐርሰንት ለፕሮግራም፣ ቢበዛ 30 ለአስተዳደር። ያኔ ብዙ የፕሮግራም ወጪ አስተዳደር ውስጥ እየገባ ሰው ሁሉ ሲማረር ነበር። በ2011 አዋጅ ቁጥር 1113 ወጥቶ ነገሩ ተቀይሯል። አዲሱ የአስተዳደር ወጪን ጣሪያ ከጠቅላላ ገቢ 20 ፐርሰንት ላይ አስቀመጠ። በዚያው ልክ ደግሞ አስተዳደር የሚባለውን አጠበበው፤ ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘ ወጪ ብቻ ነው። የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ፣ የባንክ አገልግሎት፣ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ፣ እነዚህን የመሰሉ።

እኔ ያደረግኩት ምንድን ነው? የድሮውን ሰፊ ትርጉም ይዤ በአዲሱ ጠባብ ጣሪያ ሥር ገባሁ። ተመልሼ ፒችትሪ ላይ የሂሳብ ኮዱን፣ ማለትም የወጪ መደቡን፣ እንዳለ ቀየርኩት። ስድስቱን ሞግዚቶች አስተዳደር አደረግኳቸው። ልጆቹን የሚያመላልሰውን ሚኒባስ ሹፌርና ነዳጁንም እንደዚያው። ዳይሬክተራችን «እርግጠኛ ነሽ?» ሲሉኝ ሰርተፍኬቴን አሳየሁ።

መስከረም 2015 ኦዲተር መጣ። ሂሳቡን ላሳይሽ። የዓመቱ ገቢያችን 4.8 ሚሊዮን ብር ነበር። እውነተኛው የአስተዳደር ወጪ 720,000 ነው፤ 15 ፐርሰንት። ስድስቱ ሞግዚቶች እያንዳንዳቸው በወር 4,500፣ በዓመት ሲደመሩ 324,000 ሆኑ። ሹፌሩ 72,000፣ ነዳጁ 180,000። እነዚህ ሲጨመሩ 1,296,000 መጣ። 27 ፐርሰንት! ለጋሹ የኦዲቱን ረቂቅ እንዳየ ሁለተኛውን ክፍያ አቆመ። «ማብራሪያ እስኪቀርብ» የሚል ሁለት መስመር ኢሜይል ብቻ ነው የላከው።

ሁለት ወር ደመወዝ አልተከፈለም። ከሞግዚቶቹ አንዷ በዕድሜ ገፋ ያሉ እናት ናቸው። የሚጥል በሽታ ያለበት አንድ ልጅ አለን፤ ክፍል ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። ሲጥለው ነጠላቸውን አጣጥፈው ከጭንቅላቱ ሥር ያደርጋሉ፤ በጎኑ ያስተኙታል፤ ሰዓት አይተው ለመምህሯ ይናገራሉ። ማታ ማታ ስለሚማሩ ማንበብ ይችላሉ። የዘገየው ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ወረቀት) ላይ ሊፈርሙ ሲመጡ ከላይ የተጻፈውን «አስተዳደር» የሚል ርዕስ ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡት። «ልጄ፣ እኔ አስተዳደር ነኝ እንዴ? ቢሮ ገብቼ አላውቅም እኮ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አምስት ቀን ሙሉ አዲስ አበባ ተቀምጬ ያልተማርኩትን እሳቸው በአንድ ጥያቄ አስተማሩኝ።

ኦዲተሩ ደግ ሰው ነበር። አዋጁን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና «አንብቢው፤ ከዚያ ሞግዚቶቹ ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚሠሩ ጻፊልኝ» አለኝ። ለእያንዳንዳቸው የሥራ መዘርዝር አዘጋጀሁ፤ የክፍል ፕሮግራሙን አያያዝኩ። ሚኒባሱ የትኞቹን ልጆች ከየት ሰፈር እንደሚያመጣ ዝርዝሩን አወጣሁ። ለጋሹ ግን ከአንድ መሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ጨምሪ አለ። ስሙን አልጠራም። አምስት ጊዜ ተመላለስኩ። «ነገ ተመለሺ»፣ «ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው»፣ «ፋይሉ አልተገኘም»። በአራተኛው ቀን አንዱ ባለሙያ ወረቀቱን እያገላበጠ «ለእነዚህ ልጆች ይሄ ሁሉ ብር?» አለኝ። እንባዬ መጣ። ግን አልወጣሁም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና አንድ ልጅ ሽንት ቤት መጠቀም እስኪለምድ ስንት ወር እንደሚፈጅ፣ ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ነገርኩት። በማግስቱ ደብዳቤው ተፈረመ። ለጋሹም ክፍያውን ለቀቀ።

ተቃራኒውንም እንዳታደርጊ ደግሞ። የኔና ያንቺ ደመወዝ አስተዳደር ነው። ቁጥሩ እንዲያምር ብለሽ ፕሮግራም ውስጥ አትደብቂው፤ ኦዲተር ያገኘዋል።

2. ክፍል ግቢ። ቢያንስ አንድ ሳምንት።

ሥልጠና ስልሽ ይሄንንም ማለቴ ነው። አንድ ጊዜ ለመስሚያ መሣሪያ ባትሪ ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ሰብስቤ ዝቅተኛውን ዋጋ መረጥኩ። አሠራሩ ይሄው ነው አይደል? ባትሪዎቹ ላይ ባለቀለም ተለጣፊ አለች። ብርቱካናማዋ ቁጥር 13 ናት፣ ሰማያዊዋ 675። የኛ ልጆች መሣሪያ የሚወስደው ሰማያዊዋን ነው፤ እኔ 40 ፓኬት ብርቱካናማ ገዛሁ። አይገባም። በዚያ ላይ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ለማየት ብሎ የአንዱን ፓኬት ተለጣፊዎች ላጠ። ተለጣፊዋ ከተነሳች አየር ይገባል፤ ባትሪው ባይሠራበትም ማለቁን ይቀጥላል። መልሶ መለጠፍ አያድነውም። ሦስት ሳምንት ልጆቹ ያለ ድምፅ ተቀመጡ። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ በየጠዋቱ ቢሮዬ በር ላይ እየቆመች ጆሮዋን በጣቷ ነካ ነካ ታደርግ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የግዢ ጥያቄ ላይ መምህሯ ሳትፈርም ፕሮፎርማ አልሰበስብም። ጥቂት የምልክት ቋንቋም ተማርኩ። አሁን «ባትሪ መጣ» ማለት እችላለሁ።

3. ወጪን በልጅ ማስላት ተማሪ። ይሄን የሚያስተምር ሥልጠና እዚህ አላገኘሁም፤ ያገኘሁት ከእንግሊዝ አገር አሠራር አንብቤ ነው። እዚያ ለልዩ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ተማሪ ቦታ በዓመት 10,000 ፓውንድ መነሻ ይመደባል፤ ከዚያ በላይ እንደየልጁ ፍላጎት ተጨማሪ ይሰጣል። ብሩን ተዪው፤ የኛ አይደለም። አስተሳሰቡን ውሰጂ። እዚያ የትምህርት ቤት ቢዝነስ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የራሱ ተቋምና የሙያ ደረጃ አለው። ፋይናንስ፣ ግዢ፣ የሰው ኃይል፣ ሕንፃና ንብረት፣ ገጽታ ግንባታ፣ ሁሉም ተዘርዝሯል። ያንን ዝርዝር ሳይ ነው ጉድለቴ የት እንደሆነ የገባኝ። ሂሳብ ላይ ጎበዝ ነበርኩ፤ ግዢና የሰው ኃይል ላይ ባዶ።

እናም ኤክሴል ላይ ልጆቹን በሦስት ደረጃ ከፈልኩ። ብቻውን የሚበላና የሚንቀሳቀስ፣ በከፊል እርዳታ የሚፈልግ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው የሚያስፈልገው። ለየደረጃው የሞግዚት ሰዓት፣ ትራንስፖርት፣ ምግብ፣ ዳይፐር፣ መሣሪያ። አከፋፈሉን ከመምህራኑ ጋር ተቀምጬ ነው የሠራሁት፤ ብቻሽን አትሞክሪው። እዚሁ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ልዩ ፍላጎት የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ፤ አንዷ አይታ አስተካከለችልኝ፣ ምንም ሳትጠይቀኝ። በዚያ ሠንጠረዥ ያቀረብኩት በጀት ሳይቆረጥ ጸደቀ። ያ ለጋሽ ሌሎች ትምህርት ቤቶችም በዚሁ እንዲያቀርቡ ጠይቋል። ኮርቼበታለሁ፤ አልደብቅሽም።

ፒችትሪን በተመለከተ፣ ብዙ ቦታ የሚያስተምሩት ሸቀጥ ገዝቶ መሸጥ ነው። ያንቺ እሱ አይደለም። ብሩን በየለጋሹ ለይቶ መያዝ ነው፤ ለዚያ «ጆብ» የሚለውን፣ ገቢና ወጪን በየፕሮጀክቱ ለይቶ የሚይዘውን ክፍል እንዲያሳዩሽ አጥብቀሽ ጠይቂ። አናውቀውም ካሉሽ ብርሽን ያዢ።

ሥራ አስኪያጅሽንም አሁኑኑ አናግሪ፤ ገና አዲስ ሳለሽ። በሚቀጥለው ፕሮፖዛል ላይ ለፋይናንስና አስተዳደር ሠራተኛ ሥልጠና አንድ መስመር ይግባ። እኔ ለማስገባት አራት ዓመት ፈጀብኝ።

እኛ የአምስት ትምህርት ቤት የሂሳብ ሰዎች በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አሞራ ገደል አካባቢ እንገናኛለን። ማኪያቶ እየጠጣን አዲስ መመሪያ ከወጣ እናነባለን፤ የኦዲት ጥያቄ የመጣበት ይዞ ይመጣል። ነይ። የኮድ ዝርዝሩንና ሠንጠረዡን በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። ዝርዝሩ ላይ «የክፍል ረዳት» የሚል መስመር ታያለሽ፤ እሱን እንዳታጠፊው።