የፍጥነት ቅጣት አረቦን ያስጨምራልን?

ጥያቄ፦ የአዳማ ነዋሪ ስሆን በሥራዬ ምክንያት በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ባለፈው ዓመት በፍጥነት ምክንያት ሁለት ጊዜ ተቀጥቻለሁ። ታናሽ ወንድሜም መኪናዬን ይዞ ወጥቶ ከባጃጅ ጋር ተጋጨ፤ እኔ ደግሞ ወደ ኋላ ስነዳ ፓራውልቱን ከግንብ ጋር አጋጨሁት። ለሁለቱም ከመድን ድርጅቴ ካሳ ወስጃለሁ። የመድን ውሉን ላሳድስ ስሄድ አረቦኑ (ለመድኑ የምከፍለው ገንዘብ) ጨምሮ ጠበቀኝ። ያለፈውን ሳልናገር ወደ ሌላ መድን ድርጅት ብሄድ ይቀንስልኝ ይሆን?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እባክዎ ደብቀው አይዋዋሉ። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ በአንቀጽ 668 እንደሚደነግገው፣ መድን ገቢው (መድኑን የገዛው ሰው) ሆን ብሎ እውነቱን ከደበቀ ወይም ሐሰት ከተናገረ ውሉ ፈራሽ ነው፤ ስለዚህ የሚሞሉት ቅጽ ስለ ቀደሙ አደጋዎችና ቅጣቶች ከጠየቀዎት እንዳለ ይጻፉ። አለዚያ ዓመቱን ሙሉ አረቦን ከፍለው፣ ከባድ አደጋ በደረሰብዎ ዕለት ባዶ እጅዎን ሊቀሩ ይችላሉ።

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 አስገዳጅ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን (መኪናዎ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍለው) በተወሰነ ታሪፍ የሚከፈል ስለሆነ ቅጣትዎ አይነካውም። የጨመረብዎት የራስዎን መኪና ጉዳት ጭምር የሚሸፍነው የሙሉ ሽፋኑ አረቦን ነው፤ ምክንያቱም ከቅጣቱ ይልቅ የወሰዱት ካሳ ይመስለኛል። ዓመቱን ካሳ ሳይጠይቅ የጨረሰ ሰው በእድሳት ጊዜ ቅናሽ ያገኛል፤ የጠየቀ ግን ያጣዋል። ለምሳሌ አረቦንዎ 20,000 ብር፣ ቅናሽዎም 20 በመቶ ቢሆን፣ ለአንድ ፓራውልት ሲሉ 4,000 ብር ያጣሉ ማለት ነው። የጋራዡ ሒሳብ 5,000 ብር ቢሆንና በውሉ መሠረት እርስዎ የሚሸፍኑት 2,000 ብር ቢቀነስ፣ ከድርጅቱ የሚያገኙት 3,000 ብር ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ትንሽ ጉዳት ከኪስዎ ቢያሠሩት ይሻልዎት ነበር። ይሁን እንጂ ሰው ከተጎዳ ወይም የሌላ ሰው ንብረት ከተነካ ለፖሊስም ለመድን ድርጅቱም ሳይዘገዩ ያሳውቁ።

ቅጣቱን ግን ቀላል አድርገው አይዩት። በ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚጓዝ መኪና በአንድ ሴኮንድ 33 ሜትር ያህል ይከንፋል፤ ጎማ ቢፈነዳ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አይሰጥም።

ስለ ወንድምዎም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ውሎች ልምዱ አጭር የሆነ አሽከርካሪ አደጋ ሲያደርስ ባለመኪናው የሚሸፍነውን ድርሻ ከፍ ያደርጉታል። መኪናውን ዘወትር የሚነዳ ከሆነ ይህንኑ ለድርጅቱ ተናግረው፣ መንጃ ፈቃዱም ለመኪናው ዓይነት የሚያገለግልና ያልተቃጠለ መሆኑን አይተው ቁልፉን ይስጡት።