ሶንድሃይም፦ ግጥም ብቻ ወይስ ዜማም?

አሜሪካዊው የሙዚቃዊ ተውኔት ባለሙያ ስቲቨን ሶንድሃይም የግጥም ጸሐፊ ነው ወይስ ዜማውም የእሱ ነው ብለህ ለጠየቅከው፣ ሁለቱም ነው። ያደናገረህ አጀማመሩ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1957 ለ«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ሙዚቃዊ ተውኔት የጻፈው ግጥሙን ብቻ ነው፤ ዜማው የሊዮናርድ በርንስታይን ነው። በ1959 «ጂፕሲ» ላይም ዜማው የሌላ ሰው ነበር። ዜማውንም ግጥሙንም ራሱ ሠርቶ ብሮድዌይ (የኒው ዮርክ ታላላቅ ቲያትር ቤቶች ሰፈር) የገባው በ1962 ነው።

የሚገርመው ግን የተማረበት መንገድ ነው። ወላጆቹ ተፋትተው ከእናቱ ጋር ፔንስልቬኒያ ሲኖር፣ ጎረቤቱ ታዋቂው የሙዚቃዊ ተውኔት ጸሐፊ ኦስካር ሃመርስታይን ነበር። ልጁ ለትምህርት ቤት የጻፈውን ተውኔት ይዞ ሄደ። «እንደማታውቀኝ ሆነህ ፍረደኝ» አለው። ሰውየውም አልማረውም፤ ሥራው የማይረባ መሆኑን ፊት ለፊት ነገረው። ግን ዝም ብሎ አልሸኘውም። ከሰዓቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ስህተቱን አንድ በአንድ አሳየው። እንዲህ ዓይነት ጎረቤት ከየት ይገኛል!

በኋላም ሁሉም አልጋ በአልጋ አልሆነለትም። በ1981 «ሜሪሊ ዊ ሮል አሎንግ» ከ16 ትርኢት በኋላ ተዘጋ። ከዚያ «ሰንዴይ ኢን ዘ ፓርክ ዊዝ ጆርጅ»ን ከጄምስ ላፓይን ጋር ሠርቶ በ1985 ፑሊትዘር የተባለውን የአሜሪካ የድራማ ሽልማት ወሰደ። ያ የከሰረ ሥራ ደግሞ በ2024 ዳግም ከቀረቡ ሙዚቃዊ ተውኔቶች ምርጥ ተብሎ ቶኒ የተባለውን የብሮድዌይ ሽልማት አገኘ። እሱ ግን አላየውም፤ በ2021 በ91 ዓመቱ አርፏል።

ለመጀመር «ስዊኒ ቶድ» የተባለውን ሙዚቃዊ ተውኔቱን ስማ። ዜማዎቹ ቶሎ አይያዙም፣ ታገሥ።