በነዳጅ ሀብት ላይ ጽፌ ሥራ አገኛለሁ?

ከደሴ የጻፍሽልን የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ፣ «የመመረቂያ ጽሑፌን ‹የነዳጅ ሀብት በውጭ ፖሊሲ ላይ ያለው ተፅዕኖ› ብዬ ልሥራ? ሥራስ ያስገኝልኛል?» ብለሻል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እንዲህ ከሰፋ ግን አማካሪሽ ይመልስብሻል። ኖርዌይም ሳዑዲ ዓረቢያም ነዳጅ ሻጮች ናቸው፤ የውጭ ፖሊሲያቸው ግን አይገናኝም።

ከሻጩ ሳይሆን ከገዢዋ ከኢትዮጵያ በኩል ጀምሪ። የነዳጅ አገሮች ጉልበት እኛ ጋ የሚደርሰው በዋጋ፣ በገንዘብና በሠራተኛ ቅጥር ነው። አንዱን ብቻ ምረጪ።

በዋጋ በኩል 1966 ዓ.ም.ን የሚያህል ዓመት የለም። በጥቅምት የዓረብ አገሮች እስራኤልን በደገፉ አገሮች ላይ የነዳጅ ማዕቀብ ጣሉ፤ የአንድ በርሜል ዋጋ ከ3 ዶላር ገደማ ተነሥቶ በታኅሣሥ መጨረሻ 12 ዶላር አካባቢ ደረሰ። ወሎ በረሃብ ላይ ሳለ፣ የካቲት ላይ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ጭማሪ ሥራ አቆሙ። ኢትዮጵያ ከእስራኤል ጋር ግንኙነቷን ያቋረጠችውም በዚያው ጥቅምት ነው። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ተከታትሎ የመጣውን ሁሉ በነዳጅ ያሳብባል። በእስራኤሉ ውሳኔ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አባላት ግፊትም ነበረበት። ስለዚህ የትኛውንም መንገድ ብትመርጪ ቀን፣ ድርጊት፣ የነዳጅ ዋጋ፣ ሌላ ምክንያት የሚሉ አራት ዓምዶች ያሉት ሠንጠረዥ ሥሪ፤ የእኛንና የፈረንጁን ዘመን አትቀላቅዪ።

በገንዘብ በኩል ሰኔ 2010ን እዪ፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 3 ቢሊዮን ዶላር ቃል ስትገባ 1 ቢሊዮኑ ለብሔራዊ ባንክ ተቀማጭ ነበር።

ለአንቺ የምንመክርሽ ግን ሠራተኛውን ነው። ሳዑዲ ከጥቅምት 2006 ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን መለሰች። ከተመላሾቹ አንዳንዶቹ ደሴና ኮምቦልቻ ዙሪያ አሉ፤ ለአዲስ አበባ ተማሪ ሩቅ የሆነው ላንቺ ጎረቤት ነው። ከትምህርት ክፍልሽ ደብዳቤ ይዘሽ አሥራ አምስት ሰው ብታነጋግሪ ይበቃል። ፈቃዳቸውን አስቀድመሽ ጠይቂ፣ ስማቸውን አትጻፊ።

ሥራውን በተመለከተ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ብቻ አትጠብቂ። በስደት ተመላሾች ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች፣ የባንኮች የውጭ ምንዛሪ ክፍሎች፣ የኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ላይ የሚሠሩ የዕቃ አስተላላፊዎችም አሉ። ዓረብኛ ከዛሬ ጀምሪ። ከተመላሾች የምትሰሚው የመነጋገሪያው ዓረብኛ ነው፤ መግለጫና ጋዜጣ የሚጻፈው በፉስሃ፣ ማለትም በመደበኛው የጽሑፍ ዓረብኛ ስለሆነ ሰዋስዉን የሚያስተምርሽ ፈልጊ። ኤክሴልም አትርሺ፤ ያ ሠንጠረዥ ለቃለ መጠይቅ ይዘሽው የምትገቢው የመጀመሪያ ሥራሽ ነው።