ሊያም ኒሰን የምር ቦክሰኛ ነበር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። 17 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ሰፈራችን ባለ ጂም ቦክስ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ጓደኞቼ የፊልም ተዋናዩ ሊያም ኒሰን ልጅ እያለ ቦክሰኛ ነበር፣ አፍንጫውም የተሰበረው በቡጢ ነው ይላሉ። እውነት ነው? ከሆነስ ለምን ተወው? እናቴ “ይቅርብህ” እያለች ስለምትጨቀጭቀኝ መልሱን ለእሷም አነብላታለሁ።

መልስ፦ ጓደኞችህ ልክ ናቸው። ኒሰን ሰሜን አየርላንድ፣ ባሊሚና የምትባል ከተማ ነው ያደገው። ቦክስ የጀመረው በ9 ዓመቱ፣ ኦል ሴይንትስ በሚባል የወጣቶች ክበብ ነው። ጎበዝ ነበር፤ በአካባቢው የአማተር ውድድሮች ደጋግሞ አሸንፏል። አፍንጫውም የተሰበረው ሪንግ ውስጥ ነው።

ያስተወው ግን አፍንጫው አይደለም። ይሄን ለእናትህ ቀስ ብለህ አንብብላት። አንድ ቀን ግጥሚያ ጨርሶ ሲወጣ አሰልጣኙ ሂድና ልብስህን ቀይር ይለዋል። ድምፁን ሰምቷል፣ የተባለው ነገር ግን ሊገባው አልቻለም። ቀለል ያለች ትእዛዝ ናት እኮ! ክፉኛ ደነገጠ፣ 17 ዓመት ሲሆነውም ቦክስን ተወ። ትወናው ቀድሞም ነበር፣ በ11 ዓመቱ ትምህርት ቤት ድራማ ላይ ሠርቷል፤ በ1976 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ቤልፋስት ውስጥ ቴአትር ቤት ገባ።

ወንድሜ፣ ተው አልልህም። ግን አንጎልህ መናወጡን ለማወቅ ራስህን ስተህ መውደቅ የለብህም፤ መደንዘዝ፣ የተባልከውን አለመያዝ፣ ብዥ ማለት ይበቃል። ያ ሳይድን ሌላ ምት ሲጨመርበት ነው የሚያስፈራው፣ በተለይ በአንተ ዕድሜ። በአማተር ውድድር ጭንቅላቱን ተመትቶ በኖክአውት የወደቀ ልጅ ቢያንስ ለ30 ቀን እንዳይገጥም ይታገዳል። ሰፈር ጂም ውስጥ ከጓደኛህ ጋር ስትለማመድ ግን የሚያግድህ ዳኛም፣ የሚያይህ ሐኪምም የለም፣ ስለዚህ “ዛሬ ደህና አይደለሁም” ብለህ ጓንቱን ማውለቅ ያለብህ አንተው ነህ። አሰልጣኝህም ይሄን ሲሰማ የሚቆጣ ከሆነ ጂም ቀይር።

ለእናትየውም፦ እህቴ፣ ልጅዎ ከልምምድ መጥቶ ራሴን አመመኝ ካለ፣ ካስመለሰው፣ ወይም አሁን የነገሩትን መልሶ ከጠየቀዎት፣ ተኝቶ ይነሳ ብለው አይጠብቁ። የዚያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ይውሰዱት።