ዳገት ላይ የሚግል ካምቢዮ

የደረሰኝ ጥያቄ አጠር ሲል ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ አውቶማቲክ ፒክአፕ አለኝ። ከነጭነቱ 1,500 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ተሳቢ እጎትትበታለሁ። ሜዳ ላይ ምንም አይለኝም። ረጅም ዳገት ስይዝ ግን የካምቢዮ ዘይት ሙቀት መብራት ይበራል። ቆሜ ሳበርደው ይጠፋል። ተጨማሪ ኩለር (የዘይት ማቀዝቀዣ) ግጠምበት ብለውኛል። ራሴ ብገጥመው ምን ልጠንቀቅ? ራዲያተሩ ውስጥ ያለውን የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣስ ትቼው አዲሱን ኩለር ብቻ ልጠቀም ወይስ ሁለቱንም?»

ወንድሜ፣ ግጠምበት ያሉህ ሰዎች ልክ ናቸው። እጁ መፍቻ ለለመደ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሰው የሚሳሳተው ኩለሩ ላይ ሳይሆን ቱቦው ላይ ነው። ስለዚህ ብዙውን የማወራህ ስለ ቱቦ ነው።

መጀመሪያ ግን ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ልንገርህ። በአውቶማቲክ መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር ነው። እዚያ ውስጥ ጉልበት የሚተላለፈው በዘይት ነው። ሞተሩ የሚያዞረው ክንፍ ዘይቱን ይወረውራል፣ ዘይቱ ደግሞ የካምቢዮውን ክንፍ ይገፋል። ሁለቱ እኩል ካልዞሩ የጠፋው ጉልበት ሙቀት ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ሜዳ ላይ በደህና ፍጥነት ስትሄድ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለ መቆለፊያ ሁለቱን ያጣብቃቸዋል፤ ያኔ መንሸራተት የለም። ዳገት ላይ ተሳቢው ወደ ኋላ ሲይዝህ ነዳጅ ትረግጣለህ፣ መቆለፊያው ይለቃል፣ ዘይቱ መጋል ይጀምራል። መብራቱ ሜዳ ላይ የማይበራው ለዚህ ነው። ከዳገትም የሚብስ አለ፦ ተሳቢ ይዞ ሽቅብ በሪቨርስ መግባት። ንፋስ የለም፣ ፍጥነት የለም፣ ኮንቨርተሩ ግን ያለማቋረጥ እየተንሸራተተ ነው።

የካምቢዮ ዘይት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሠራ ደህና ነው። 120 ካለፈ ቶሎ ያረጃል። ወደ 150 ሲጠጋ የጎማ ማሸጊያዎቹ ይደርቃሉ፣ ፍሪሲዮን ዲስኮቹ (ካምቢዮው ውስጥ ተጣብቀው ማርሽ የሚይዙት ሳህኖች) መንሸራተትና መቃጠል ይጀምራሉ። እኛ ጋ በግምት የምንይዘው ሕግ አለ፦ ከ80 በላይ በየ10 ዲግሪው የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ኦቢዲ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ሰክተህ የዘይቱን ሙቀት እያየህ አንድ ዳገት ውጣ። መብራቱ የሚበራው ብዙ ጊዜ ዘይቱ ከልክ በላይ ከጋለ በኋላ ነው።

ኩለር ከመግዛትህ በፊት ዘይቱን እየው። ነጭ ሶፍት ላይ ጠብ አድርግ። ቀላ ያለና ጥርት ያለ ከሆነ ጥሩ። ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ዲስኮቹ ተጎድተው ይሆናል፤ ያንን ኩለር አያድነውም፣ መጀመሪያ ካምቢዮው ይታይ። የራዲያተሩንም ፊት እየው። ጭቃና ነፍሳት የደፈኑት ራዲያተር ታጥቦ ብቻ ችግሩ ሲቀል አይቻለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ሁለቱንም ተጠቀም። ዘይቱ ከካምቢዮው ወጥቶ መጀመሪያ ራዲያተሩ ውስጥ ይግባ፣ ከዚያ በአዲሱ ኩለር አልፎ ወደ ካምቢዮው ይመለስ። ራዲያተሩ ትልቁን ሙቀት ይወስዳል፣ ኩለሩ የቀረውን ይጨርሳል። ጠዋት ሲቀዘቅዝ ደግሞ የራዲያተሩ ውሃ ዘይቱን ያሞቅልሃል። በጣም የቀዘቀዘ ዘይት ወፍራም ነው፤ ማርሽ ያንገጫግጫል።

ራዲያተሩን ጨርሰው የሚዘሉ ሰዎች ምክንያት አላቸው። ራዲያተሩ ከውስጥ ከተበላ ውሃና ዘይት ይቀላቀላል፣ ዘይቱ ሮዝ ወተት ይመስላል፣ ዲስኮቹ ላይ ያለው ማጣበቂያ ይለቃል። ካምቢዮ ገዳይ ነው። ለእኔ ግን መፍትሔው ያረጀውን ራዲያተር መቀየር ነው። የግድ እዘላለሁ ካልክ ዘይቱ እስኪሞቅ ወደ ኩለሩ እንዳይገባ የሚያደርግ ቴርሞስታት ይግባበት።

ተመላሹ ቱቦ የትኛው ነው? የመኪናው መመሪያ ላይ ካለ እሱን እመን። ከሌለ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አንድ ሰው ያስነሣልህ። ከካምቢዮ ወደ ራዲያተር የሚሄዱትን ሁለት ቱቦዎች ያዝ፣ እጅጌህንና ጣትህን ከፋኑ አርቅ። ቀድሞ ለብ የሚለው ወጪው ነው። ዘግይቶ የሚሞቀው ተመላሹ ነው፤ የምትቆርጠው እሱን ነው። ደቂቃ ካለፈ ሁለቱም ይሞቁና ግራ ይገባሃል፤ አጥፍተህ እስኪበርድ ጠብቅ።

ለጉተታ ደራርበው የተበየዱ ስስ ሳህኖች ያሉትን ኩለር እመርጣለሁ። በቀጭን ቧንቧ ላይ ክንፍ ከተደረደረበት ዓይነት የተሻለ ያቀዘቅዛል፣ ዘይቱንም ብዙ አያንቀውም። መጠኑን ስትመርጥ የመኪናውንና የተሳቢውን ክብደት ከነጭነቱ ደምር፣ ከዚያ ከፍ ያለውን ውሰድ።

ቦታው ከራዲያተሩና ከኤሲው ኮንደንሰር ፊት ነው፤ ንፋስ የሚያገኝበት። በኮንደንሰሩ ክንፎች መሃል የፕላስቲክ ማሰሪያ አሾልኮ ማሰር አለ። አታድርገው። ሲርገበገብ ይፋቃል፣ ውሎ አድሮ ይበሳል። የብረት ብራኬት ሠርተህ ከመኪናው አካል ጋር እሰረው፣ ከኮንደንሰሩ ሁለት ሴንቲ ያህል ይራቅ። የቱቦ አፎቹ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ይሁኑ። ወደ ጎን ከሆኑ ዘይቱ በታች ገብቶ በላይ ይውጣ፣ አለዚያ አየር ውስጡ ይቀራል።

አሁን ቱቦው። የውሃ ቱቦ አይሆንም። የቤንዚን ቱቦም አይሆንም። ለካምቢዮ ዘይት ተብሎ የተሠራ፣ ሙቀትና ግፊት የሚችል ቱቦ ነው የሚያስፈልግህ። ውፍረቱን ከነባሩ ቱቦ ለካ፤ ብዙ መኪና ላይ የውስጡ ስፋት 9.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስታዞረው እንዳይታጠፍ ሰፋ አድርገህ አዙረው። ከጭስ ማውጫ፣ ከፋንና ከስለታም ቆርቆሮ አርቀው፤ የሚነካው ነገር ካለ ሌላ ጎማ አልብሰው።

ጀማሪ ሳለሁ የራሴን መኪና ስሠራ የብረቱን ቱቦ በመጋዝ ቆረጥኩና ጎማውን በለሰለሰው ጫፍ ላይ ሰካሁት። በአንድ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ግቢ ውስጥ ጠብ አላለም፤ በራሴ ኮራሁ። ዳገት ላይ ዘይቱ ሲግልና ግፊቱ ሲጨምር ጎማው ተንሸራቶ ወጣ። ከኋላዬ መንገዱ ቀልቶ ነበር። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልንቀሳቀስ አለ። የካምቢዮው ፖምፕ ዘይቱን ገፍቶ ለመጨረስ ከደቂቃ በላይ አይፈጅበትም።

ከዚያ ወዲህ የብረት ቱቦ በመጋዝ አልቆርጥም፤ ብናኙ ካምቢዮ ውስጥ ይገባል። በቱቦ መቁረጫ ቆርጬ፣ ጫፉን በማስፊያ መሣሪያ ትንሽ እብጥ አደርገዋለሁ። ጎማው ከእብጠቱ ካለፈ በኋላ ፋሼታው ከእብጠቱ ኋላ ይቀመጣል። ፋሼታው ውስጡ ለስላሳ የሆነውን ምረጥ፤ ጥርሱ የጎማውን ሥጋ የሚበላው ይቅርብህ። ጎማው ትንሽ ሲያብጥ ይበቃል፣ እስኪቆረጥ አታጥብቀው።

ከመዝጋትህ በፊት ፍሰቱን ፈትሽ። ወደ ካምቢዮ የሚመለሰውን ጫፍ ባልዲ ውስጥ አድርገህ ሞተሩን ለ20 ሰከንድ ብቻ አስነሣ። 1 ሊትር ገደማ መውጣት አለበት። ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ የሆነ ቦታ ተደፍኗል ወይም ተጣጥፏል። የወጣውን ያህል ወዲያው መልስ። አንዳንድ መኪና ካምቢዮው ላይ ራሱ ሙቀት የሚከፍተው ቫልቭ አለው፤ እንደዚያ ከሆነ ዘይቱ ሲሞቅ ነው ፍሰቱን የምታየው።

ኩለሩና ቱቦው እንደ መጠናቸው ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ይጨምራሉ። መመሪያው ያዘዘውን ዓይነት ዘይት ጨምር፤ «ሁሉም ቀይ ነው» ብሎ መቀላቀል አያዋጣም። ልኩን ብዙ መኪና ላይ የምታየው ዘይቱ ሞቆ፣ ሞተሩ በርቶ፣ ማርሹ ፓርክ ላይ ሆኖ ነው። ሞተር ጠፍቶ ወይም ኒውትራል ላይ የሚለካም ስላለ መመሪያውን አንብብ። ዲፕስቲክ (የዘይት መለኪያ ዘንግ) የሌለው ካምቢዮ በተወሰነ ሙቀት ላይ ከሥሩ ባለ ቡሎን በኩል ነው የሚለካው፤ ያንን ሊፍት ላለው ሰው ተውለት።

አንድ ነገር ልብ በል፦ ኩለር መኪናህ መጎተት የሚችለውን ክብደት አይጨምርም። ፍሬኑ፣ አክሰሉና መጎተቻው ያው ናቸው።

አነዳድህንም ትንሽ ቀይር። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት የጉተታ ሞዱን አብራ ወይም ኦቨርድራይቩን (ለሜዳ የሚሆነውን ከፍተኛ ማርሽ) አጥፋ። ካምቢዮው ሦስትና አራት ላይ እየዋለለ ከሆነ ራስህ ሦስት ላይ ያዘው። ሞተሩ ቢጮህ አትፍራ፤ ሲፈጥን ፖምፑም ብዙ ዘይት ወደ ኩለሩ ይገፋል።

መብራቱ ከበራ ዳር ያዝና ቁም፣ ሞተሩን ግን ቶሎ አታጥፋ። ፓርክ አድርገህ ከ1,200 እስከ 1,500 ዙር ላይ ለጥቂት ደቂቃ ያዘው፤ ዘይቱ እየዞረ ይቀዘቅዛል። ካጠፋኸው ግን የጋለው ዘይት ባለበት ይቀራል።

ከመጀመሪያው ጉዞ ስትመለስ መኪናው ሲበርድ ሥሩ ካርቶን ዘርጋና አሳድረው። ጠዋት ቀይ ነጠብጣብ ካየህ፣ ከበላዩ ያለውን ፋሼታ ታገኘዋለህ።